የእራት ሰዓት ሕግ

አከራይና ተከራይ እንደ ቤተሰብ አብረው እራት ከበሉ የኪራይ ግብር የሚቀርበት ዘመን ነበር፤ አብረው መብላታቸውንም የቤቱ ግድግዳ እየሰማ ያረጋግጥ ነበር። ሚስታቸው የሞቱባቸው አቶ ተክለወልድ ኪራይ ቀንሰው አንዷን ክፍል ነርስ ለሆነችው ለትርሲት ሰጧት። ማታ ማታ "አባባ፣ ይጨመርልዎት?" ስትላቸው ሆዳቸው ይባባ ነበር።

ሕጉ የተሻረ ዕለት ትርሲት ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ አመራች።

"እዚህ አትበይም?" አሏት።

"ሕጉ ቀረ እኮ፣ ጋሼ። አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። ግብሩን እከፍላለሁ፤ ኪራዩም አይጨምርብሽም።"

ትርሲት ፈገግ አለች። "እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ከሥራ መልስ ሌላ ሥራ ሆኖብኝ ነበር።"

"ልክ ነሽ፣ ደክሞሻል። በይ ግቢና እረፊ" አሏት።

በሩ ሲዘጋ ጠረጴዛው አስጠላቸው። ወጥ ቤት ገብተው እንደ ቆሙ በሉ።