የመከታ ቁርስ

መከታ ከደጃፉ ተነስቶ ጥቂት ይራመድና በኋላ እግሮቹ ይቀመጣል። እንደገና ይነሳል። እግሮቹ ይጠላለፉበትና በጎኑ ይወድቃል። የማሰጣውን ልብስ ገመዱ ላይ ጥዬ እሮጣለሁ።

«ምን ሆነ?» ይላሉ አማቴ፣ እምዬ ደሳለች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ከሚሞቁበት።

«ወደቀ።»

«እንቅልፍ ይዞት ይሆናላ። ውሻ አይደለም እንዴ?»

እንቅልፍ አይደለም። ዓይኑ እንደተከፈተ ነው፣ ግን አያየኝም። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ለሀጩ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። እቀመጥና ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። ይከብዳል።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የከብቶቹን ውኃ ብቻውን እየጨረሰ፣ በደንብ እየበላ ሲከሳብን ሐኪሙ ምትኩ ዘንድ ወሰድነው። ከጆሮው ደም ወስዶ በሰው መለኪያ ለካው። ብዙ ጊዜ የሚያክመው በሬና ላም እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ውሻ ገጥሞት እንደማያውቅ አልደበቀንም። መርፌ አወጋግ አሳየኝ። ጠዋትና ማታ፣ ከምግቡ ጋር። ጣፋጭ ነገር ግን እንዳይቀምስ።

ዛሬም በጠዋት ወጋሁት። በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር ደጋግሜ አንብቤ፣ ቆዳውን አንስቼ፣ እንዳሳየኝ አድርጌ ወጋሁት። ምግብ ግን አልሰጠሁትም። እስከ ትናንት ቅበላ ስለነበር ጠዋት የሚቀርብለት አላጣም። ዛሬ ሁዳዴ ገብቷል። በእኛ ቤት በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን መሶብ አይከፈትም፤ ውሻ ደግሞ ከሰው ተርፎ ነው የሚበላው። ማንም አትስጪው አላለኝም። ነገሩ ሁልጊዜም እንዲህ ስለሆነ አላሰብኩትም።

ስልኩን ከመቀነቴ አውጥቼ እደውላለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እጄ አልበቃ ብሎኛል።

«ዶክተር፣ መከታ ወደቀ። ይንቀጠቀጣል።»

«መርፌውን ሰጡት?»

«ሰጥቼዋለሁ።»

«በልቷል?»

የመከታን ለሀጭ በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ።

«እትዬ እቴነሽ፣ ከመርፌው ጋር በልቷል ወይ?»

«ጾም ነው» እላለሁ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የምሰማው። ምትኩ አይስቅም። ከበስተጀርባው ጥጃ ይጮኻል።

«ስኳሩ ወርዶ ነው። እኔ ያለሁት ገሳይ ከተማ ነው፣ ቶሎ አልደርስም። ማር አለዎት?»

«ጣፋጭ እንዳይቀምስ ብለውኝ የለም?»

«ብያለሁ። ያ ሲበዛበት ነው፤ አሁን አንሶበት ነው። በጣትዎ ድዱን ይቀቡት። ወደ ጉሮሮው አያፍሱ፣ ይታነቃል። ሲነቃ ምግብ ይስጡት። ስልኩን አይዝጉት።»

ማሩ ያለው የእምዬ ደሳለች አልጋ ራስጌ፣ በትንሽ ቅል ነው። የመከታን ጭንቅላት ነጠላዬ ላይ አሳርፌ እገባለሁ። ይዤው ስወጣ ዓይናቸው ቅሉ ላይ ነው።

«እሱ ለሳሌ የተቀመጠ ማር ነው።»

«አውቃለሁ፣ እምዬ።»

«ስኳር የያዘውን በማር? አንች፣ ደህና ነሽ?»

«ሐኪሙ ነው ያለው። ሰምተዋል።»

«ሐኪሙ የሚያውቀው በሬ ነው። ራሱ አልነገረሽም?»

የቅሉን ክዳን እነቅላለሁ።

«ፋሲካ ስትደውል ምን ልትያት ነው?»

ፋሲካ ልጄ ናት። ባሕር ዳር ለትምህርት ስትሄድ አውቶቡሱ በር ላይ አደራ ያለችኝ ስለ ራሷ አልነበረም፣ ስለ መከታ ነው። ስትደውልም ከእኔ በፊት የምትጠይቀው እሱን ነው። በሽታውን እስካሁን አልነገርኳትም። ሲሻለው እነግራታለሁ እያልኩ ነው።

«ቢሞትስ?» ይላሉ እምዬ።

«አሁንስ ምን እየሆነ ነው?»

ተመልሼ እቀመጥና የመከታን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አደርጋለሁ።

ከንፈሩን ገልጬ ጣቴን አስገባለሁ። ድዱ ቀዝቅዟል። ማሩ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል፣ አሻለሁ። ምንም የለም። እንደገና ነክሬ አሻለሁ። እግሮቹ መሬቱን ይቧጥጣሉ፣ የሚሮጥ ይመስላል። ሐኪሙ ተሳስቶ ከሆነ፣ ጠዋት በመርፌ አሁን ደግሞ በማር ገደልኩት ማለት ነው። ይህን አስባለሁ፤ እጄ ግን ማሸቱን አይተውም።

«እንዴት ነው?» ይላል ስልኩ።

«እንደዚያው።»

«ይቀጥሉ።»

እቀጥላለሁ። ጎረቤት እንጨት ይፈለጣል። ዝንቦች ማሩን አግኝተውታል፤ በክንዴ አባርራለሁ። እግሮቹ መቧጠጣቸውን ያቆማሉ። ይህ መልካም ይሁን ክፉ አላውቅም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ላደርግ ጎንበስ ስል ጣቴ ሥር ምላሱ ትነቃነቃለች። ትመለሳለች። ጣቴን ትፈልጋለች።

«ላሰ» እላለሁ።

«ጎሽ። አሁን ምግብ። እንዳይቆይ።»

ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነው፣ መነሳት አልችልም። የተዘጋጀ የውሻ ምግብ የለም። ያለው መሶቡ ውስጥ ለዘጠኝ ሰዓት የተቀመጠው ነው። ወደ እምዬ ደሳለች አያለሁ። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ፣ ባሌም ቢያመው፣ ልጄንም ሳጠባ፣ በጾም ቀን ያንን መሶብ ያለ ሰዓቱ አስከፍተው አያውቁም።

ምርኩዛቸውን ይይዛሉ። ተደግፈው ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የመሶቡ ክዳን ሲነሳ እሰማለሁ።

የታጠፈ እንጀራ ይዘው ይወጣሉ። ጉልበታቸው እያመማቸው ከአጠገቤ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ለሕፃን እንደሚደረገው አሳንሰው ይቆርሳሉ፣ አፍንጫው ሥር ያደርጉለታል።

«ቀስ» ይሉታል። «ቀስ ብለህ። ማንም አይቀማህም።»

መከታ ያሸታል፤ ከዚያ ይወስዳል። ሌላ ይቆርሳሉ። እሱ ሲያኝክ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰው የእምዬ ደሳለች አፍም ባዶውን አብሮት ያኝካል።