የመቀንጠሻው ጥርስ

ፓተንት አርቃቂው ለቃል ሟች ነው። የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ሲጽፍ «በግምት» የምትባል ቃል አጠገቡ አትደርስም።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ብሎን ሳይቀር ይንገሩኝ» አላቸው፣ የበርበሬ ዘንግ የሚቀነጥስ ማሽን የፈለሰፉትን ባለወፍጮ። «አንዲት ቃል ከጎደለች ሌባ በቀዳዳዋ ይገባል።»

እሳቸውም አንድ በአንድ ነገሩት። እሱም «አሥራ ሁለት የብረት ጥርሶች ያሉት ተሽከርካሪ በርሜል» ብሎ ጻፈና፣ ወረቀቱን ከእሱ በቀር ሰው እንደማያየው ምሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አስቸኳይ ነው ብሎ ጠራቸው።

«ጥርሱ ብረት ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት? ብረት እኮ ዘንጉን አይቀነጥስም፤ በርበሬውን አድቅቆ ፍሬውን ፊት ላይ ይረጨዋል!»

«እውነትህን ነው፤ ጥርሱ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ይለብሳል» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እኛ ሴቶች ሙያ ስናካፍል አንዲት ነገር እናስቀራለን፤ ልማድ ሆኖብን ነው። በል አሁን ጨምርበት።»

አርቃቂው ብዕሩን አነሳ። ከመጻፉ በፊት ግን ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰው።

«ይማርህ ልጄ» አሉት። «ዐይንህንስ ምን ነካው፣ እንዲህ ደም የመሰለው?»