ከገለባው የተቆነጠረ

ነፋሱ ሲነሣ የአዜብ አባት ገብሱን በላይዳ ወደ ላይ በተኑት። እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ ስልኳን ጨብጣ አውድማው ላይ ቆማ ነበር። ባሕር ማዶ ባለ ቤተ ሙከራ የአቶም ቅንጣቶች ሲላተሙ፣ የሚቀመጠውን መረጃ ከሚጣለው በቅጽበት የሚለየው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የእሷ ሥራ ነበር፤ የሚፈተነውም ያን ዕለት ነበር።

«ሰሌዳሽ የጣለው ቢያስፈልግስ?» አሏት አባቷ።

«አይመለስም፣ አባዬ። ለዚህ ነው ከሚጣለው ቆንጥረን የምናየው። ቁም ነገር ከተገኘበት ሰሌዳዬ ይነቀላል።»

አባቷ ከገለባው አንድ እፍኝ ዘግነው እፍ አሉበት። ፍሬ አልነበረበትም። «እኔስ ፈተናዬን አለፍሁ» አሉ።

ስልኩ ጮኸ። አዳመጠች፤ ፊቷ በራ።

«ምን አሉሽ?»

አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ባዶ» የሚባል ቃል አውድማ ላይ አይነሣም፤ በረከት ያርቃል። ሮጣ ከአውድማው ወጣችና ዞረች።

«ቁንጥሩ ባዶ ነው፣ አባዬ!»

«እሰይ! በይ ተመለሺ፣ ነፋሱ ሳያልፍ።»