ከታች የመጣ መኪና

«የራስህ እናት ብትሆን እዚህ ትገተር ነበር?» አለ ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰው ሰው።

«የራሴም ብትሆን በዚህ ጉም አልወርድም» አለ የአውቶቡሱ ሹፌር። «አርባ ሰው አብሬ ልቅበር?»

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ሳልደርስ አፈር ሊያለብሷት ነው።»

«ከታች አንድ መኪና ይምጣና መንገዱን ልጠይቅ። እዚህ አናት ላይ ደንባችን ይሄ ነው፣ ወንድሜ።»

ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ ሚኒባስም ቆሞ ይጠብቃል። ከገደሉ በኩል ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን አንድ ፒክአፕ እያቃሰተ ከጉሙ ወጣ።

«ሰላም ነው፣ ውረዱ» አለ የፒክአፑ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። «ተራራውን እየታከክሁ ነው የመጣሁት። የገደሉን ጠርዝ እንኳ ዓይኔ አላየውም።»

«ሰማህ?» አለ ሐዘንተኛው።

የአውቶቡሱ ሹፌር ግን ጎንበስ ብሎ ከፒክአፑ ሥር የተሰካ ነገር ይጎትት ነበር። ሐዘንተኛው ትቶት ወደ ኋላ፣ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

የወጣው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር። ሌላም ተከተለ፣ ሌላም። ሁሉም በመጥረቢያ የተቆረጡ ናቸው፤ ቅጠላቸው ገና አልጠወለገም።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ምኑን?»

«መንገዱ የተናደበት ላይ ለምልክት የጣሉትን ቅጠል ጠርገህ መጥተሃል።»

ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወርደው ፒክአፑን ከበቡ። አንዷ ሴት ቅርንጫፎቹን እየዳሰሰች ስንት እንደሆኑ ጠየቀች።

ሚኒባሱ ሐዘንተኛውን ከፊት አስቀምጦ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ማንም ሳይሰማው በጎናቸው ተንሸራትቶ ወደ ጉሙ ወረደ።