የቀዩ ሻርፕ ጫፍ

ቴሌቪዥኑ ላይ አዲሱ አምባሳደር የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ወደ ባዕዱ አገር ፕሬዚዳንት ሲራመድ፣ ሞቃዲሾ ሳሎኗ ውስጥ የተቀመጠችው እናቱ ትንፋሿን ዋጠች። ፓርላማ ሲገባ ቦምቡን፣ ሚኒስትር ሲሆን ጥይቱን ፈርታለት ነበር። ዛሬ የፈራችው ግራ እጁን ነው። ሲደነግጥ ሁሉን ነገር በግራው ያቀብላል። ልጅ ሳለ ይህን እንዲተው ብላ፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ግራ የእጁን አንጓ በሻርፗ ቅዳጅ ታስርበት ነበር።

«በግራው ሰጥቶ ሊያዋርደን ነው፣ ዱኒዮ!» አለች ለእህቷ፣ የቀይ ሻርፗን ጫፍ እየነከሰች።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሃምሳ ዓመቱ እኮ ነው! ይልቅ ሻርፕሽን ተይው፤ ፍየሏ የበላችው አንሶ አንቺ ልትጨርሺው ነው?»

እውነትም ልጇ በተሰናበታት ቀን ሻርፑን ጫፉ ተቀዶ ስላገኘችው፣ ፍየሏን ስትረግም ነበር የከረመችው።

ቀኝ እጁ ተዘረጋ፤ ደብዳቤውም በወግ ተሰጠ። ግራው ከጎኑ ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከነጩ እጅጌ ሥር፣ አንጓው ላይ የታሰረ ቀይ ቅዳጅ ብቅ ብሎ ይታያል።

እናቲቱ አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ ሻርፗን አየች።

«ዱኒዮ፣» አለች እንባዋን በተቀደደው ጫፍ እየጠረገች፣ «ለዚያች ፍየል ውሃ ስጪያት። በከንቱ ነው የረገምኳት።»