መርዶ ጉበት ሰፈር

በአንዲት ጡረተኛ መምህርት ጉበት ውስጥ የሚኖር አንድ የካንሰር ሴል ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳበት። ከፍቶ ቢያይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ነው።

«ግቡ አባቶቼ» አለ፣ ዐይናቸውን እየሸሸ። ሞት እሱ ቤት ገብቶ አያውቅም። ለሁለት እየተከፈለ፣ እየተባዛ፣ ጎረቤቱን እየገፋ ይኸው የጉበቱን ግማሽ ይዟል።

«ባለፈው ወር ሳንባ ሰፈር የገባው ልጄ ነው?»

«የለም፣ ለእሱ ትናንት ነግረነዋል።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሃል የተቀመጡት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እኛ ለሴል መሞቻ ሰዓቱን የምንነግር፣ ሐኪም የላከን ጂኖች ነን፤ ከትናንት በስቲያ በመርፌ ነው የገባነው። ጠንከር ይበሉ። የሞቱት እርስዎ ነዎት።»

«እንዴ፣ እኔማ ይኸው ደህና ነኝ።»

«ይገባናል። ልጅዎም እንዲሁ ነበር ያለን። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል፤ እንዳይደነግጡ ብለን እርስዎን መጨረሻ አደረግንዎት።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። መንደሩ ጭር ብሏል።

ሴሉ የሰው ድንበር ሲገፋ አንድም ቀን አፍሮ አያውቅም። በማለዳ የመጣ ሽማግሌ አሳፍሮ መመለስ ግን ከየት ይምጣ?

«እዚህ ድረስ ደክማችሁ መጥታችሁማ እንቢ አልልም» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ።