ቁሌት የራቀው ቤት

በዚያ ዘመን የተቀደደ የጆሮ ታምቡር በሐር ይጠገን ነበር፤ የሐር ትሎቹ ግን በሽተኛው ቤት ካላደጉ ሰውነቱ ሐሩን አይቀበለውም። የቁሌት ሽታ ደግሞ ይገድላቸዋል። ምንትዋብ ጆሮው ለደነቆረው ባሏ ለጫንያለው ስትል የጉሎ ቅጠል እየመገበቻቸው፣ ራሷ ክረምቱን በሙሉ ቅቅል በልታ ከረመች።

ጆሮው በሐሩ ተጠግኖ ዛሬ ፋሻው ሲፈታ ሐኪሟ ስሙን ብትጠራው ዘወር አላለም። «መስማቱ ቀስ ብሎ ይመጣል» ብላ ሸኘቻቸው።

ምንትዋብ ቤት እንደገባች በንዴት ድስት ጣደች። ትሎቹ እንደሆኑ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ ለማን ብላ ነው ቅቅል የምትበላው? የከተፈችውን ሽንኩርት የጋለ ዘይት ላይ ገለበጠችው፤ ዘይቱ ተንጣጣ።

ጀርባውን ሰጥቷት የተቀመጠው ጫንያለው ቀና አለ።

«ምንትዬ፣ ዝናብ መጣ መሰለኝ። ልብሱን አስገቢው እንጂ።»

ውጪው ጠራራ ፀሐይ ነበር።

«እሺ» አለችና ሌላ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።